ያጠፋኋት ጠባሳ

የላሚኔሽን ፕላስቲክ ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ ሳታውቀው አትቀርም። መታወቂያ ስታሠራ ለአፍታ ሸትቶህ ይሆናል፤ መጀመሪያ ጣፋጭ የሚመስል፣ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እኔ አራት ዓመት እዚያ ሽታ ውስጥ ኖሬያለሁ። ያን ሥራ ከተውኩ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቢሮ ተሰልፌ ሳለሁ ከመስኮቱ ወዲያ ማሽኑ መሞቅ ጀመረና ሽታው መጣ። ከፊቴ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መቆም ስላቃተኝ ሰልፉን ትቼ ወጣሁ።

ሶዶ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ ሲጠበቅ ወሬ አያልቅም። አንዳንዴ፣ በተለይ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሳያባራ ሲያድር፣ አንዱ ይነሳና «ያ ተራራ የተናደ ቀን የት ነበራችሁ?» ይላል። ሁሉም መልስ አለው። አንዱ ወፍጮ ቤት ተራ ይዞ ነበር። አንዷ ሆስፒታል አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። አንዱ ቦሎቄ ሲያርም ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ ጠርቶ ነገረው። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «ሥራ ላይ» እልና ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ረጅሙን መልስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ልሞክረው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የፕሮግራሙን ትእዛዞች አንድ በአንድ እየነካሁ፣ የሆነውን በደብተር እየጻፍኩ ነው የለመድኩት። ደብተሬ «ይሄ ሲነካ ጥላ ይወጣል»፣ «ይሄ ከለር ያበላሻል»፣ «ይሄ ፈጽሞ አይነካ» በሚል ጽሑፍ ተሞልቶ ነበር። ከሁሉ የሚዋጣልኝ ፊት ማጽዳት ነበር። ብጉር፣ ማድያት፣ ላብ፣ የድካም ጥቁረት፣ ሁሉንም አጠፋለሁ። ደንበኛ ፎቶውን አይቶ «እኔ ነኝ ይሄ?» ብሎ ሲስቅ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አሠሪዬ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር ሴት ነበረች። ከኋላዬ ቆማ ታየኝና ትቀልዳለች።

«እግዚአብሔር የሳተውን እያረምክ ነው?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» እላታለሁ።

«እሱ ስድስት ቀን ነው የፈጀበት። አንተ ለአንድ አፍንጫ ሦስት ሰዓት!»

ሐምሌ ነበር። የምርቃት ሰሞን ስለሆነ ሱቁ ጥቁር ጋውን በለበሱ ልጆች ፎቶ ተሞልቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናቡ ሲወርድ ተጯጩኸን ነው የምንነጋገረው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የባጃጅ ሾፌር ዝናብ ሊያሳልፍ ገባና ስልኩን ወደ እኛ አዞረ።

«ይሄን አያችሁ?»

አረንጓዴ ተራራ ነው። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተገሽልጦ ቀይ አፈሩ ወጥቷል። አፈሩ ላይ ሰዎች አሉ፤ ከአፈሩ ቀለም ስላልተለዩ መጀመሪያ አላየኋቸውም ነበር። በእጃቸው እየቆፈሩ ነው።

«የት ነው?» አለች አሠሪዬ።

«ጎፋ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን!»

በዚያች ደቂቃ እኔ የአንዲት ተመራቂ አገጭ ላይ ያለች ብጉር እያጠፋሁ ነበር። ስልኩን አየሁ፣ ተመልሼም ብጉሯን ጨረስኳት። የት ነበርክ ስባል የማልናገረው አንዱ ነገር ይሄ ነው። አሠሪዬ ግን ከፍታው የነበረውን መዝሙር ዘጋችው፤ ሱቁ ውስጥ ዝናቡና የፕሪንተሩ ድምፅ ብቻ ቀሩ።

በማግስቱ ነገሩ ተጣርቶ መጣ። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ መንገደኛ ሳይቀር ሊያወጣቸው ሮጠ። ሰው ተሰብስቦ እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በቆፋሪዎቹ ላይ ወረደ። የሞቱት ቁጥር በየሰዓቱ ይጨምር ነበር። ከሶዶ ውኃ፣ ዳቦና ብርድ ልብስ የጫኑ መኪኖች ይወጣሉ፤ የሰፈሬ ልጆችም አካፋ ይዘው እላያቸው ላይ ይሳፈራሉ። እኔም ልሄድ ፈለግሁ። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ማውሱን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ መኪኖቹን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትቆፍር ነው?» አለችኝ አሠሪዬ። «አካፋው ይበልጥሃል። እዚሁ ተቀመጥ፤ እዚህም ይፈልጉሃል።»

ለማጽናናት የተናገረችው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አንድ ወጣት ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በደረቀ ቀይ ጭቃ ተለብጧል። የሁለት ጣቶቹ ጥፍሮች ተሰባብረዋል። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁለትና አንድ ፎቶ አሳየኝ። ሠርግ ላይ የተነሳ ነው፤ ሰባት ወይ ስምንት ወንዶች ተደርድረዋል።

«ሦስተኛው ነው። የሚስቀው። ወንድሜ ነው።»

ወንድሙ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ተራራው በተናደበት ቀበሌ ነበር የተመደበው። የእሱ ቤት ከናዳው ርቆ ነበር። ሊቆፍር ሮጦ ነው ሁለተኛው ናዳ የያዘው። ቤተሰቡ ያለው ገሱባ አካባቢ ነው።

«ሬሳውን እስካሁን አላገኘነውም» አለኝ። «ለቅሶው ቅዳሜ እንዲሆን ሽማግሌዎች ወስነዋል። ትልቅ አድርገህ ሥራልኝ። ዝናብ እንዳይገባው በፕላስቲክ ይሁን። ነገ አጎቴ ይወስደዋል።»

«አንተስ?»

«እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ። መቆፈር አላቆምንም።»

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ እንደገለበጥኩ ኬብሉን ነቅሎ በዝናብ ውስጥ ሮጠ።

አንተ እዚህ አገር ካላደግክ የፎቶው ነገር ላይገባህ ይችላል። በእኛ ዘንድ ትልቅ ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ከየቀበሌው ሰው እየተሰለፈ ይመጣል፤ የሟች ፎቶ ከፊት ይያዛል፣ ከፍ ይደረጋል፣ ለቀስተኛው ወደ ፎቶው ነው የሚያለቅሰው። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ደግሞ ከዚያ ፎቶ ሌላ ሜዳው ላይ ምንም የለውም።

ስለዚህ በመጨረሻ የምቆፍረው ነገር አገኘሁ። እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። ምሳ ሳልበላ ሠራሁ። ከሰዎቹ መሃል ለይቼ ቆረጥኩት። ትከሻው ላይ የተደገፈውን የጓደኛውን እጅ አነሳሁና የጎደለውን ትከሻ ሠራሁለት። ሸሚዙ የተጨማደደ ስለነበር ጥቁር ሱፍ ከነክራባቱ አለበስኩት። ከጀርባው ሰማያዊ አደረግሁ። ከዚያ ወደ ፊቱ መጣሁ። የግንባሩን ላብ አደረቅሁ፤ ጉንጩ ላይ ያለውን ጥላ አቀለልኩ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር ነበረች። ሁለት ጊዜ ነካሁና ጠፋች። ፊቱ ጠራ።

መብራቱ ያን ቀን እየሄደ እየመጣ ነበር። የኮምፒውተሩ ባትሪ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይዝም። እኔ ሁልጊዜ ዋናውን ፎቶ ሳልነካ ለብቻው አስቀምጬ ቅጂውን ነበር የምሠራው፤ ይሄ ደብተሬ ውስጥ በቀይ የተጻፈ ሕግ ነው። ያን ቀን ባትሪው መጮህ ሲጀምር፣ የሠራሁት እንዳይጠፋብኝ ብዬ በዋናው ላይ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ያለኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ የጠራው። አልከፋኝም። ከዚያኛው ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ አጎትየው መጡ። ሻንቶ ከተማ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አዩት። «እሱ ራሱ ነው» አሉ። «ሱፍ ያምርበታል ለካ።» እንደ በር ሳንቃ በብብታቸው ይዘውት ወጡ። ያን ቀን እግሬ አልተንቀጠቀጠም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ተመልሰው መጡ፤ እናትየውን ይዘው። እናትየው ነጠላቸው ረጥቦ ራሳቸው ላይ ተጣብቋል። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከፊት የነበሩት ከሻንቶ የመጡ የአንድ ተመራቂ አባት ናቸው፤ ባነራቸው ስላልደረሰ ተቆጥተው አሠሪዬን ይዘዋታል።

«ድግሱ ነገ ነው! ከነገ ወዲያ ባነሩን ምን ላድርገው? ላሜን ላልብሳት?»

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይታገሡኝ።»

«አንድ ሰዓት ካልሺኝ ሦስት ቀኔ ነው!»

እናትየው በመሃላቸው አልፈው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ማነው የሠራው?» አሉ በወላይትኛ። አሠሪዬ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ታ ናዓ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ፊቱን ያጠብከው አንተ ነህ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አጎትየው ሴትና ወንድ በሚያደባልቅ አማርኛቸው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ይቅርታ እንደሚጠይቁ ሆነው ተናገሩ። «ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረ። እኔ አላየሁም። እናት ነው ያየው። ማታ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አስደግፈን፣ 'ይሄ የማነው?' ብሎ እንቢ አለ።»

እናትየው በጣታቸው የፎቶውን ግንባር ነኩ። መዳህ የጀመረ ጊዜ ነው፣ አሉ። እንሰት እየፋቁ ነበር። ሳንቃው ላይ አስደግፈው በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱ ልጁ ከኋላ መጥቶ ራሱን አስገባ። ቀርከሃው ስለታም ነው። ደሙ እንሰቱ ላይ ወረደ። «አባቱ ያን ቀን አልተቆጣኝም። ሦስት ቀን ዝም አለኝ እንጂ።»

«ከዚያ በኋላ» አሉ፣ «ትምህርት ቤት ሲሄድ እዚያች ላይ ነው የምስመው። ወደ ሥራው ሲመለስም እዚያች ላይ። እየሳቀ ጎንበስ ይልልኛል፤ ረጅም ነው። ነገ ሜዳው ላይ የቱ ጋ ልሳመው?»

የተመራቂው አባት እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«ዋናውን አውጣና መልስላቸው» አለችኝ አሠሪዬ ቀስ ብላ።

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

አጎትየው ዋናው ፎቶ ስልኩ ላይ ወዳለው ወደ ሟቹ ወንድም ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። እዚያ መብራትም የለ፣ ኔትወርክም አልፎ አልፎ ነው። ሌላ ፎቶ አለ ወይ አልኳቸው። የነበረው ሁሉ በሟቹ በራሱ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ስልኩም አብሮት ነው ያለው።

እናትየውን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጨረሻው የገሱባ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት መድረስ አለባቸው፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቤታቸው ይመጣልና። ግንባሩን ስክሪኑ ላይ አጎላሁትና መስመር ሣልኩ።

«ይሄ እስክሪብቶ ነው» አሉ።

አቀጠንኩት። ነጣ አደረግሁት። «ይሄ ክር ነው።» ከድሮ ደንበኛ ፎቶ ላይ የሌላ ሰው ጠባሳ ቆርጬ አመጣሁ። ፊታቸውን አዞሩ። «የሰው ነው። የሰው አታምጣብኝ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ጠባሳ ሳጠፋ ኖሬያለሁ፤ አንዲትም መሥራት ግን አልችልም ነበር። ለማጥፋት ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል። ለመመለስ ደብተሬ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

መብራት ሄደ። ባትሪው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ጄኔሬተራችን ውስጥ ቤንዚን አልነበረም፤ ያን ሰሞን ቤንዚን በከተማው ሙሉ የለም፣ ያለውም በጓሮ ነው። ጨለማው ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ተነሳሁ፣ በር ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ማንም ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የተመራቂው አባት ኮፍያቸውን አደረጉ። የሚሄዱ መሰለኝ። ለአሠሪዬ «ጄሪካን ስጪኝ» አሏት።

«ከየት ያመጣሉ ጋሼ?»

«ልጄን አሥራ ሰባት ዓመት ያስተማርኩት ባጃጅ ነድቼ ነው። ቤንዚን የት እንደሚደበቅ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

እሳቸው እስኪመለሱ በር ላይ በምትገባው ግራጫ ብርሃን ተቀምጠን ጠበቅን። እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙትና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«በቃል መናገር አልቻልኩም» አሉ። «እንካ፤ ላሳይህ።»

የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከግራ ቅንድቤ በላይ አሳረፉት። ቀስ ብለው፣ እየተጫኑ፣ ወደ ላይ አወጡት። መሃል ላይ ትንሽ ጠመም አደረጉት። መጨረሻው ላይ ለቀቅ አድርገው አነሱት። አመመኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። እጃቸው እንዳይሳሳት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

«ይሄው» አሉ። «ይሄው ነው። እዚህ ጋ ነው።»

ጄኔሬተሩ ከጓሮ ሲያጓራ መብራቱ መጣ። አሠሪዬ ግንባሬን አየችና ካሜራውን ከመስቀያው ነጠቀችው።

«አትንቀሳቀስ! ሳይጠፋ!»

አምስት ጊዜ አነሳችኝ። ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት። ከግንባሬ ላይ ያቺን መስመር ከነቆዳዋ ቆረጥኩ፤ ወደ እሱ ግንባር ወሰድኩ፤ ቀለሟን ከእሱ ቀለም ጋር አስማማሁ፣ ቅላቷን አስወገድኩ፣ እንዳረጀች ትንሽ አነጣኋት። አንድ ነገር ግን እየቆረቆረኝ ነበር። እኔ ያጠፋኋት ከዚህች ታጥር ነበር። ጠማማም አልነበረችም። እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፣ ሁለት ጊዜ ነክቼ ነው ያለፍኳት፤ ቢሆንም ዓይኔ እንዲህ ባለ ነገር አይሳሳትም። አፌን ልከፍት ብዬ እናትየውን አየኋቸው። ወደ ስክሪኑ ተጠግተዋል።

«መጣ» አሉ። ለእኔ አልነበረም።

ምንም አልተናገርኩም።

ከማተሜ በፊት ሱፉ ትዝ አለኝ። ሸሚዙንም እንደ ጠባሳው ሰርቄባቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ሱፉን ልቀይረው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተወው» አሉ። «ይገባው ነበር።»

ፎቶው በላሚኔሽን ማሽኑ ቀስ ብሎ ሲወጣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ገና ትኩስ ነበር። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ጠባሳዋ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ፤ አልሳሙትም። ያን ለነገ ነበር ያስቀመጡት። አሠሪዬ የመጀመሪያውን ፎቶ ልታስቀረው ስትል «እሱንም ስጪኝ፤ ፊት አይጣልም» አሉ። የተመራቂው አባት ባጃጅ አስጠሩላቸውና ሁለቱን ፎቶዎች ለባነራቸው ባመጡት ፕላስቲክ ጠቅልለው አሳፈሯቸው። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። የእሳቸው ባነር ያን ቀን የደረሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ቅዳሜ ለቅሶው ላይ አልሄድኩም። ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ በየመሥሪያ ቤቱ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። እኔ ሱቅ ተቀምጬ፣ አሁን ሰልፉ ሜዳው ደርሷል፣ አሁን ፎቶው ከፍ ብሏል እያልኩ ሰዓት እቆጥር ነበር። አንዲት መታወቂያ ፎቶ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ።

በመስከረም መጨረሻ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ ወንድሙ ወደ ሱቁ መጣ። በዓሉ ዘንድሮ እነሱ ቤት እንዳልገባ ነገረኝ። ከስቶ ነበር፤ ጥፍሮቹ ግን በቅለዋል። የእሱም ስልክ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ወንድሙን አላገኙትም፤ ቁፋሮው ከቆመ ሰንብቷል። ከኪሱ ፖስታ አወጣ። መሥሪያ ቤቱ ከግል ማኅደሩ ውስጥ አንዲት ጉርድ ፎቶ አግኝቶ ሰጥቷቸዋል፤ ለእህቶቹ እንዳባዛለት ነበር የመጣው።

ስካን አድርጌ አጎላሁት። ግንባሩ ላይ ደረስኩ። ጠባሳዋ አለች። ከቅንድቡ ፀጉር ብቅ ያለች፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል፣ ቀጥ ያለች ነገር ናት። እናትየው ግንባሬ ላይ የሣሏት የዚህችን ሦስት እጥፍ ትሆናለች። ያሳዩኝ ጠባሳውን አልነበረም። ቁስሉን ነበር፤ ያን ቀን እንሰቱ ላይ ደሙ ሲወርድ ያዩትን።

ወንድሙም አየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።

«ትልቁ ፎቶ ላይ እንዲህ አይደለም» አለ።

«አይደለም። ከፈለክ ከዚህች አስተካክዬ እንደገና...»

«ተው» አለ ቶሎ ብሎ። «ጠዋት ከቤት ስትወጣ ትስመዋለች። እሱኑ ነው የምታውቀው።»

ትንንሾቹን አተምኩለት። ግንባሩንም፣ ጉንጩንም፣ ምንም አልነካሁም። ፖስታው ውስጥ እየከተተ ሳለ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ቀና አለና፣ እንደማፈር ብሎ ፈገግ አለ።

«እናቴ መልእክት ልካለች። 'ያንን ልጅ ጥፍሬ ጎድቶት እንደሆነ ጠይቀው' ብላኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱን ነው የምታስበው። ዳነ ወይ?»

«ድኗል በላት» አልኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ አሠሪዬ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። እናትየው ግንባሬ ላይ በሣሉበት በዚያ ዓርብ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ መስታወት ፊት ስቆም መስመሯን ፈልጌያት ነበር። ያኔውኑ ጠፍታ ነበር።